«ጉንዳን ቆጥረሽ ምን ልታደርጊ ነው?» ላልሽኝ

ሚሚዬ፣ እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ? ፈተናው አለቀልሽ አሉ፤ እሰይ። ያን ቀን ስቀሽ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ በጽሑፍ ልመልስልሽ ብዬ ነው። በስልክማ አታስጨርሺኝም።

ጎመን የምተክልባትን መደብ ታውቂያታለሽ። ሲያትል ፒ-ፓች የሚባለውን የጋራ አትክልት ቦታ ከጀመረች ቆየች፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ነው። ዘንድሮ የኛዎቹ አትክልተኞች ተሰባስበው፣ እዚህ የሚኖረውን ነፍሳት በሙሉ፣ ሸረሪቱንም ቀንድ አውጣውንም እንመዝግብ አሉ። እኔም ገባሁበት። ክፍያ የለውም። ቡናው በኔ ነው።

ከቁጥቋጦ ሥር ነጭ ጨርቅ ዘርግተን ቅርንጫፉን መታ መታ እናደርጋለን፤ የረገፈውን እናያለን። የፕላስቲክ ኩባያ አፉ ከአፈሩ እኩል እስኪሆን ቀብረን፣ ለዝናብ ከላይ ክዳን ደግፈን እናሳድራለን። ሌሊት የሚርመሰመሰው እዚያ ይገባል። ጠዋት አይተን፣ ጽፈን እንለቀዋለን። እርጥብ ጣውላ መገልበጥም አለ። ቢራቢሮ ሲሆን ሁሉም ይሽቀዳደማል፤ ያንን ዛጎል የሌለውን ዝልግልግ ቀንድ አውጣ የሚቆጥር ግን ሲጠፋ፣ ለኔ ይተዉታል።

ከሁሉም የምወደው የአበባው ነው። አንድ አበባ ፊት ቁጭ ብለሽ ለአሥር ደቂቃ የሚያርፍበትን ትቆጥሪያለሽ። ምንም ካልመጣ «0» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ይህቺን ዜሮ ሰው አይወዳትም። አንዳንዱ አበባው ባዶ ሲሆንበት ተነስቶ ንብ ወደበዛበት ይሄዳል። እኔ ደግሞ እናደዳለሁ። የሞላበትን ብቻ ከጻፍን፣ ነገ ቢጠፉ በምን እናውቃለን?

አያትሽ ቀፎ ስለነበራቸው ንብ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እዚህ አሜሪካ ግን ወደ 4,000 የሚጠጉ የአገሩ ንቦች አሉ። አብዛኞቹ መንጋ የላቸውም፤ እናቲቱ ብቻዋን አፈር ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች። ማር የምትሠራዋን አውሮፓውያን ናቸው በ1600ዎቹ በመርከብ ያመጧት። እሷም እንደኛ መጤ ናት። አፈር ለሚቆፍሩት ንቦች ብዬ ነው ከመደቤ ዳር ያለችውን ባዶ መሬት ጉዝጓዝ የማላለብሳት። አባትሽ «ሰነፍሽ» ይለኛል፤ ይበል።

ንብ መስላ የምታታልል ዝንብም አለች። ክንፏን ካየሽ ትለይያታለሽ፤ ንብ አራት አላት፣ ዝንብ ሁለት። የዚህችን ዝንብ ዕጮች ብታዪያቸው ትጸየፊያቸዋለሽ፤ ግን ጎመኔን የሚመጠውን ክሽክሽ የሚበሉልኝ ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ክሽክሽ ባየሁ ቁጥር መርጫ አላነሳም። መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጬ አብሮት ማን እንዳለ አያለሁ።

«ለሳይንቲስቶች ተይው» ብለሽኛል። ጀርመን ክሬፌልድ ከተማ ውስጥ ነፍሳት የሚወዱ ሰዎች ማኅበር አለ፤ አብዛኞቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ናቸው። በ63 የተጠበቁ ቦታዎች ድንኳን የመሰለ ወጥመድ እየተከሉ የሚበሩትን ነፍሳት ሲመዝኑ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 መዝገቡ ተተንትኖ ሲወጣ፣ በ27 ዓመት ውስጥ ክብደቱ ከ75 በመቶ በላይ አሽቆልቁሎ ተገኘ። ዓለም ጉድ ያለው በነሱ መዝገብ ነው። እንግሊዝ አገር ሌስተር ውስጥም ጄኒፈር ኦወን የተባለች የእንስሳት ሳይንስ ባለሙያ የገዛ ጓሮዋን ለ30 ዓመት መዝግባ፣ ከዕፅዋቱ ጋር 2,673 ዝርያ አግኝታለች። ያውም ተራ የከተማ ጓሮ!

የኛ የአንድ ሰመር ወረቀት ምንም እንደማያረጋግጥ አላጣሁትም። በየዓመቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መንገድ ከተደገመ ነው ማስረጃ የሚሆነው። ሰው ደግሞ ይሰለቻል፤ ከአሁኑ የቀሩ አሉ።

ለማንኛውም ስትመጪ ያንን ጥሩ ካሜራ ያለውን ስልክሽን እፈልገዋለሁ። ከኩባያው የማይጠፋ አንድ ጥቁር ጢንዚዛ አለ፤ የኔ ፎቶ ደብዝዞ ማንነቱን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ከጀርባም፣ ከጎንም፣ ከፊትም አንሺልኝ። ቃሪያውም ደርሷል፤ ዕቃ ይዘሽ ነይ።

እናትሽ