ስለ ሕክምና ተማሪዎች እንቅልፍ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ጊዜ ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታፈራ የኖረች ከተማ በመሆኗ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ከሌሊት ተረኝነት ሲመለስ ማየት ለነዋሪዎቿ ብርቅ አይደለም፤ ድካሙን ልብ የማንለውም ስለለመድነው ይመስለኛል። እኔ ራሴ ኢንተርን (በሆስፒታል ተለማማጅ ሐኪም) ሳለሁ ሌሊቱን የምገፋው በቡናና በጫት ነበር (እናቴ ዛሬም ይህን አታውቅም)። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ለጥቂት ሰዓታት ያነቃል፤ ነገር ግን እንቅልፍን ስለሚያዛባና የተጠናው ትምህርት በአእምሮ የሚጸናው በአብዛኛው በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ ለፈተና ብሎ የሚቅም ተማሪ ሊያተርፍ ያሰበውን መልሶ ያጣዋል። እኔን የጠቀመኝ ከጓደኞቼ ጋር እስከ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር በእግር እየሄድን የሞተብንን በሽተኛ ሳይቀር ማውራታችን ነበር።

ስለዚህ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከተረኝነት ማግስት የዕረፍት ሰዓት እንዲያስከብሩ፣ የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጠውም ባለሙያ ተማሪውን ከሚፈትነው መምህር የተለየና ምስጢር ጠባቂ እንዲሆን እጠይቃለሁ፤ ነጥቡን ለሚሰጠው ሰው ጭንቀቱን የሚናገር ተማሪ እስካሁን አላየሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ሐኪም፣ ከጎንደር