ድምፄን ጠብቃችሁ ላቆያችሁልኝ ወገኖቼ፦ የምስጋና መልእክት

ለሐዋሳ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮችና ምእመናን፣ ለዝማሬ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም በቅርብም በሩቅም ላላችሁ ወዳጆቼ በሙሉ፤ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን መልእክት በሕይወትና በጤና ሆኜ ለመጻፍ ላበቃኝ ለእግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይሁን። በአንገቴ ላይ በነበረው እንቅርት ምክንያት ቀዶ ሕክምና ካደረግሁበት ጊዜ ጀምሮ በጸሎት፣ በገንዘብ፣ በጉልበትና በምክር ከጎኔ ያልተለያችሁ ወገኖች እጅግ ብዙ በመሆናችሁ፣ ቤት ለቤት እየዞርሁ እጅ ነሥቼ ማመስገን አልተቻለኝም። ስለዚህ በልቤ ያለውን በዚህ ጽሑፍ ላደርስላችሁ ወድጃለሁ። አንዳንዶቻችሁ «ድምፅዋ ጨርሶ ጠፍቷል» የሚል ወሬ ሰምታችሁ እንዳዘናችሁ ስለማውቅም፣ የሆነውን ከራሴ አንደበት ብትሰሙት ይሻላል።

እንቅርቱ ከወጣትነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነው። በልጅነቴ በነበርሁበት በወላይታ ገጠር አዮዲን ያለው ጨው የሚታወቅ ነገር ስላልነበረ፣ የእናቶቻችንንና የታላላቅ እኅቶቻችንን አንገት አብጦ ማየት የተለመደ ነበር፤ እንደ ሕመም የሚቆጥረውም አልነበረም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ዕጢው እያደገ ሄዶ የአየር ቧንቧዬን መጫን ጀመረ። በጀርባዬ ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ስዘምርም ረዘም ያለውን ሐረግ ሳልጨርስ ትንፋሼ ይቋረጣል። ሐኪሞች ዕጢው መውጣት አለበት ካሉ በኋላ ቤተሰቤን ያስጨነቀው ዋና ጉዳይ፣ የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ከዚሁ ዕጢ ጋር ተጠጋግተው የሚያልፉ መሆናቸው ነበር። አንደኛው ነርቭ ከተጎዳ ድምፅ ይሻክራል፤ ሌላው ቀጭኑ ነርቭ ከተነካ ደግሞ በንግግር ላይ ብዙ ለውጥ ሳይታይ ከፍ ያለው ዜማ አልወጣ ይላል።

በአዲስ አበባ ቀዶ ሕክምናውን ላደረጉልኝ ሐኪም ያለኝ ምስጋና የተለየ ነው። በዋዜማው ምሽት ወንበር ስበው አልጋዬ አጠገብ ተቀመጡና የነርቮቹን መንገድ በወረቀት ላይ እየሣሉ ካስረዱኝ በኋላ፣ «እስቲ ከፍ አድርገው የሚዘምሩትን ያሰሙኝ፤ ነገ የምጠብቀውን ነገር ልወቀው» አሉኝ። በዚያ ክፍል የተኙት ሕሙማን ሁሉ እየሰሙ አንድ አዝማች ዘመርሁላቸው፤ ሐኪሙም ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። በማግስቱ ከማደንዘዣው ነቅቼ «እስቲ ‹ኢ› ይበሉ» ሲሉኝ ከአፌ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ነርቩ እንዳልተቆረጠ ነገር ግን እንደ ደከመ፣ እንዲህ ያለው ድካም በአብዛኛው በወራት ውስጥ እንደሚሻል፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ሊወስድ እንደሚችል ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። ያ ግልጽነታቸው ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይልቅ አበርትቶኛል። ሌሊቱን ሁሉ ቁስሌን እየተመለከቱ፣ ለመናገር ስታገል «አይናገሩ፣ ይጻፉልኝ» እያሉ ደብተርና እስክሪብቶ ያቀረቡልኝን ነርሶችም እግዚአብሔር ይባርካቸው።

ወደ ሐዋሳ ከተመለስሁ በኋላ ቤቴን የያዙልኝ የዕድራችን እናቶች ናቸው። መዋጥ ባቃተኝ ሰሞን ቀጠን ያለ የቡላ አጥሚት በፔርሙስ እያደረጉ ተራ በተራ ያመጡልኝ ነበር። በሃይማኖት የማንመሳሰል ኦርቶዶክስና ሙስሊም ጎረቤቶቼ ደግሞ፣ ጠያቂ በበዛ ቁጥር እንዳልናገር ሰግተው፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው እንግዳውን ሁሉ በእኔ ፈንታ ሲያናግሩልኝ ሰንብተዋል። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ማንም አላስተማራቸውም፤ ከራሳቸው የመነጨ ነው። ለሕክምናው ወጪ ከዕለት ገቢያቸው ቀንሰው ያዋጡ የሰፈራችን የባጃጅ ሾፌሮች፣ የገበያ እናቶች፣ በቴሌብር ስማቸውን ሳይገልጹ የላኩ ወገኖች፣ በውጭ አገር ሆነው ያሰባሰቡ ወዳጆች፣ ጾምና ጸሎት ያወጁ ሽማግሌዎችና መጋቢዎች፣ ሁላችሁም ብድራታችሁን ከእግዚአብሔር ታገኙ ዘንድ ጸሎቴ ነው።

ይህን ሁሉ ፍቅር ያገኘሁት ድምፄ ስላማረ ብቻ እንዳልሆነ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ አገልግሎቴ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሌሎች ትከሻ ላይ የቆመ ነውና። ዝማሬን የተማርሁት ከአባቴ ነው። በወላይታ አብያተ ክርስቲያናት መሪው ሐረጉን ያወጣል፣ ጉባኤው በአንድነት ይቀበለዋል፤ መሪው ትንፋሹን የሚሰበስበው ተቀባዮቹ ሲዘምሩ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሚስዮናውያኑ አገር ለቀው ሲወጡ ጥቂት አማኞች ብቻ የነበሯት ቤተ ክርስቲያን፣ በዚሁ መንገድ እየዘመረች በብዙ ሺህ ወደሚቆጠር ጉባኤ መስፋቷን አባቴ ደጋግሞ ይተርክልን ነበር። ቤተሰባችን ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ዘመኑ የደርግ ነበር። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አምልኮ በየቤቱ ተሸሽጎ ይካሄዳል። ድምፄን የሰሙ የቀበሌ ሰዎች አብዮቱን በዘፈን የሚያወድሰው ኪነት ቡድን እንድገባ ደጅ ሲመላለሱ፣ እናቴ ነገሩ እስኪረሳ ድረስ ይርጋለም ወዳሉ ዘመዶቻችን ላከችኝ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነታቸው ሰባት ዓመት በታሰሩበት በዚያ ዘመን፣ መዝሙሮቻቸው ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጡ እኛም ቤት ይደርሱ ነበር፤ እኛ ልጆች ግጥሙን በደብተር ገልብጠን፣ መስኮት ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናጠናለን።

በአደባባይ ማይክራፎን የያዝሁት በግንቦት 1983 ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ካሴቴ የተቀዳው በአንድ ኪቦርድ ብቻ ሲሆን፣ የስቱዲዮውን ኪራይ የከፈሉት የኳየራችን እኅቶች የደረሳቸውን ዕቁብ ለዚሁ ሰጥተው ነው። ቅንብሩን የሠራው ወንድምም ሳንቲም አልተቀበለም። ከዚያ በኋላ የመጡትን አልበሞች፣ በሲዳምኛና በወላይትኛ የዘመርኋቸውን መዝሙሮች፣ በየኮንፈረንሱና በየሠርጉ የሆነውን ሁሉ ብዘረዝር መልእክቴ ይረዝማል፤ አብራችሁኝ ስለነበራችሁም ታውቁታላችሁ።

ነገር ግን ስለዚያ የመጀመሪያ ካሴት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ማስተር ቴፑ ጠፍቶ ስለነበር በእጄ አንድም ቅጂ አልነበረኝም። ድምፅ ባልነበረኝ ወራት ይህ መወራቱን የሰማችሁ ወገኖች ከዲላ፣ ከሻሸመኔና ከአለታ ወንዶ በየሣጥናችሁ ያስቀመጣችሁትን ካሴት ፈልጋችሁ፣ ወደ ስልክ ገልብጣችሁ በቴሌግራም ላካችሁልኝ። ከመካከላቸው አንዱ፣ በዚያን ጊዜ እንደምናደርገው፣ ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት ተደቅነው የተቀዳ በመሆኑ፣ በሁለተኛው መዝሙር መካከል አውራ ዶሮ ይጮኻል፤ ወረድ ብሎ ደግሞ አንድ ሕፃን ሲያስል ይሰማል። ያ ቤት የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሕፃኑም ዛሬ የልጆች ወላጅ ሳይሆን አይቀርም። መናገር የማልችል ሆኜ የወጣትነት ድምፄን ከዶሮው ጩኸት ጋር ሳዳምጥ፣ መዝሙሩ ከእኔ ወጥቶ በሰው ቤት ኑሮ መሥርቶ እንደ ቆየ ተረዳሁ። ካሴቱን የላካችሁልኝ ሁሉ፣ ይህን ከምንም ስጦታ በላይ እቆጥረዋለሁ።

ድምፄን እንደገና ሥራ ያስጀመረው የኳየራችን ኪቦርድ ተጫዋች ወጣት ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ የሰጠችኝን መልመጃ ይዞ ከሥራው ሲወጣ በየምሽቱ ይመጣል፤ አንዲት ኖታ ተጭኖ ይይዝና እስክደርስባት በትዕግሥት ይጠብቃል። ድምፄ ሲሰነጠቅ ቀና ብሎ አያየኝም፤ ጣቱን ሳያነሣ ያንኑ ኖታ ይይዛል። አንድ ድምፅ ሳይንቀጠቀጥ መያዝ ስችል ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። እንዲህ እያልን መጀመሪያ የትዝታን፣ ከዚያም የባቲን ቅኝት ሙሉ መሰላል ወጣን። ዛሬ ቀድሞ ከምዘምርበት ወደ ታች በወረደ ቁልፍ፣ ማለትም ዝቅ ባለ የዜማ መነሻ ድምፅ፣ እዘምራለሁ፤ የኳየሩ እኅቶችም ለዓመታት የለመዱትን ድምፅ ትተው መዝሙሮቹን ሁሉ በአዲሱ ቁልፍ እንደገና አጥንተውልኛል። ከፍ ያሉት ሐረጎች ገና አልተመለሱልኝም፤ እነርሱን ወጣት ዘማሪያት ይይዙልኛል፤ በዚህም ደስ ይለኛል።

የቤተ ክርስቲያን መሪዎችን በአክብሮት የምለምነው አንድ ጉዳይ አለ። በዚህ ሕመም ምክንያት የብዙ ዘማሪዎችን ጉሮሮ ጉዳይ ለመስማት ዕድል አግኝቻለሁ። በእሑድ ከጠዋት እስከ ማታ በተለያዩ ጉባኤዎች የሚዘምሩ፣ የራሳቸውን ድምፅ በማይሰሙበት የድምፅ መሣሪያ ፊት የሚጮኹ፣ ሲታመሙ ግን የሕክምና ወጪ የሚሸፍንላቸው የሌለ አገልጋዮች ጥቂት አይደሉም። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መሻከር በማር በሻይ ታልፎ መተው የለበትም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል። አገልጋዮቻችሁን አሳርፉ፤ ለሕክምናቸውም በጀት ያዙላቸው። ለእኔ የተደረገው ስሙ ላልታወቀ የመንደር ኳየር አባልም ሊደረግ ይገባዋል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

በመጨረሻም ከተሰበሰበው ገንዘብ ከሕክምናው ወጪ የተረፈውን በሽማግሌዎች ፊት ቆጥሬ አስረክቤአለሁ፤ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቁ ሁለት እኅቶች እንዲውልም ተስማምተናል። የሒሳቡን ዝርዝር ማየት የምትፈልጉ ለጋሾች በቤተ ክርስቲያናችን ጽሕፈት ቤት ታገኙታላችሁ። ስልክ ደውላችሁልኝ መልስ ያልሰጠኋችሁ ወዳጆቼ፣ ሐኪም ረጅም ንግግር ገና ስላልፈቀደልኝ ነውና በጽሑፍ መልእክት ብትልኩልኝ ለእያንዳንዳችሁ እመልሳለሁ።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኅታችሁ ዘማሪት
ሐዋሳ