የተራራ ጫማ በቁልቁለት ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንግዳ ይዤ መውጣትና መውረድ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ክረምቱ ሊወጣ ሲቃረብ በየዓመቱ የማየው አንድ ስሕተት ነው። ወጣት ባልደረቦቼ ለሥራ የሚሆን ጫማ ፍለጋ ጎንደርና አዲስ አበባ ድረስ ይመላለሳሉ፤ ሱቅ ገብተው የሚጠይቁት ግን «ውሃ ያስገባል ወይስ አያስገባም?» የሚለውን ብቻ ነው። ሻጩ «አያስገባም» ይላል፤ ጫማው ይገዛል። እግሩን የጠየቀው ሰው የለም።

በእኔ እምነት የተራራ ጫማ አስቀድሞ የሚመዘነው ከለባሹ እግር ጋር ባለው ስምምነት ነው፤ ውሃ መከላከሉ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው። እግር የማይረጋበት ጫማ ውሃ ባያስገባም ሰውን ከመንገድ ያስቀራል፤ በልክ የሆነ ጫማ ግን ጥቂት ውሃ ቢያስገባ እንኳ ካልሲ ቀይሮ ያስኬዳል። ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ሱቅ ለኪሴ የከበደ ዋጋ ከፍዬ አዲስ ጫማ ገዛሁ። በሱቁ ለስላሳ ወለል ላይ ወዲያ ወዲህ ስልበት ተመቸኝ። ከደባርቅ ሳንቃበር፣ ከሳንቃበርም ግጭ ስንወጣ ምንም አልተሰማኝም፤ ዳገት ላይ እግር ወደ ተረከዝ ስለሚሸሽ የጫማው አፍንጫ ባዶ ይሆናልና። ከቧሂት ማለፊያ ወደ መሸሃ ወንዝ መውረድ ስንጀምር ግን ነገሩ ተለወጠ። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ አውራ ጣቴ የጫማውን አፍንጫ እየመታ ወረድኩ። ማታ ሰፈር ደርሰን ካልሲዬን ሳወልቅ በሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጥፍር ሥር ደም ቋጥሮ ጠቁሯል። ከወራት በኋላ ጥፍሮቹ ወደቁ። ጫማው ግን በዚያ ጉዞ ሁሉ አንዲት ጠብታ ውሃ አላስገባም፤ ውሃ አያስገባም ያለኝ ሻጭ አልዋሸኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጫማ የምለካው እንዲህ ነው። ሱቅ የምሄደው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ሲቆምና ሲሄድ ውሎ ያብጣል፣ በተራራ ላይም ያብጣልና ጠዋት በልኩ የመሰለ ጫማ ማታ ይጠብቃል። ተራራ የምወጣበትን ወፍራም ካልሲ ይዤ እሄዳለሁ። ውስጠኛውን ሶል አውጥቼ መሬት ላይ አነጥፍና እቆምበታለሁ፤ የእግሬ ጠርዝ ከሶሉ ጠርዝ የሚያልፍ ከሆነ ጫማውን ማሰር እንኳ አያስፈልገኝም፣ ጠባብ ነው። ቀጥሎ ማሰሪያውን ሳላጠብቅ ጣቶቼ አፍንጫውን እስኪነኩ እግሬን ወደ ፊት እገፋና ከተረከዜ ጀርባ አመልካች ጣቴን አስገባለሁ፤ ጣቴ ሳይጨነቅ ከገባ ርዝመቱ ይበቃል። ከታሰረ በኋላ ደግሞ ስራመድ ተረከዜ ከቦታው መነሣት የለበትም፤ እየተነሣ የሚመለስ ተረከዝ በሁለት ሰዓት ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። የመጨረሻውና ዋናው ፈተና ቁልቁለት ነው፤ ደረጃ ካለ በደረጃ፣ ከሌለም በተዘነበለ ጣውላ ላይ የጫማውን አፍንጫ ወደ ታች አድርጌ ቆሜ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጌ እረግጣለሁ። ጣቴ ከፊት ከነካ፣ ጫማው ምንም ያህል ቢያምር፣ ትቼው እወጣለሁ።

ስለ ወርድ በተለይ መናገር እፈልጋለሁ። በልጅነታችን በባዶ እግር ወይም በክፍት ኮንጎ ጫማ ያደግን የደጋ ሰዎች እግራችን ከጣቶቹ ዘንድ ሰፋ ያለ ነው። ከውጭ የሚገቡት ጫማዎች ግን የሚወጠሩበት ፎርማ ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ሾጠጥ ያለ ነው። ስለዚህ ወርዱ የጠበበን ሰው ቁጥር ጨምሮ 42 የነበረውን 43፣ 44 ይገዛል። በአውሮፓ ቁጥር በአንዱ ቁጥርና በቀጣዩ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን የሚጨምረውም በዋናነት ርዝመት ነው፤ በዚህ መንገድ ወርድ የፈለገ ሰው የሚያገኘው ተረከዙ የሚዋኝበት ረጅም ጫማ ነው። ለአገር ውስጥ ጫማ ሠሪዎች የማቀርበው ልመናም እዚህ ላይ ነው፤ ጠንካራ ከስክስ መስፋት የሚችል እጅ በአገራችን አለና ከፊቱ ሰፋ፣ ከተረከዙ ሰብሰብ ያለ ፎርማ ቢያዘጋጁ የሚገዛቸው አያጡም።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ። አብዛኛው «ውሃ የማያስገባ» የሚባል ጫማ በቆዳው ወይም በጨርቁና በገበሩ መካከል ስስ ሽፋን አለው። ከእነዚህ ሽፋኖች ስመ ጥሩው ጎርቴክስ ሲሆን መነሻው እ.ኤ.አ. በ1969 የተገኘ፣ ተለጥጦ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያወጣ ቁስ ነው። ቀዳዳዎቹ ለውሃ ጠብታ ጠባብ፣ ለላብ እንፋሎት ግን ሰፊ ስለሆኑ ዝናብ ሳይገባ ላብ ይወጣል። ይሁን እንጂ እንፋሎቱ የሚወጣው የጫማው ውስጥ ከውጭው ይልቅ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ነው። የውጩ ቆዳ ውሃ ጠጥቶ ጭቃ ከለበሰ መውጫው ይዘጋል፤ ላቡ እዚያው ይቀራል።

ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ጫማዬ አፈሰሰ» ብሎ ሲያማርር ጫማው ሳያፈስስ የሚገኘው። ልዩነቱን ለማወቅ ካልሲውን አውልቆ ማየት ይበቃል። እርጥበቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ከሆነና ካልሲው ሙቀት ካለው ላብ ነው፤ ጣቶች ከሚታጠፉበት መስመር ወይም ከምላሱ ሥር ተነሥቶ የሚሰፋ ቀዝቃዛ እርጥበት ከሆነ ደግሞ ውሃ ገብቷል። እኔ አዲስም ሆነ ያገለገለ ጫማ ወደ ተራራ ከመውጣቴ በፊት ቤት ውስጥ እፈትነዋለሁ። ነጣ ያለ ደረቅ ካልሲ አድርጌ ምላሱ ከጎኖቹ ጋር ከተሰፋበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሚደርስ ውሃ ሳፋ ውስጥ እቆምና ለሩብ ሰዓት ያህል ጣቴን እያጠፍኩ እረግጣለሁ። ዝም ብሎ የቆመ ጫማ ሁሉ ውሃ ይችላል፤ የሚፈተነው ሲታጠፍ ነው።

ውሃ ከላይ የገባበት ጫማ ሌላ ነገር ነው። ወንዝ ስንሻገር በአንገቱ የገባ ውሃ በዚያው ሽፋን ምክንያት መውጫ ያጣል፤ ሽፋን የሌለው ጫማ እየሄዱበት ሲደርቅ ይህኛው እስከ ማታ ይንቦጫረቃል። ስለዚህ በክረምት የሚሠራ ሰው ከጫማው እኩል ከጫማው አንገት ወደ ላይ ቅልጥምን ስለሚሸፍነው ገምባሌ ቢያስብ ይጠቀማል። ጠዋት የጓሳው ሣር ጤዛ የሚያበሰብሰው ሱሪን ነው፤ ከሱሪ ወደ ካልሲ፣ ከካልሲ ወደ ጫማው ውስጥ ይወርዳል። ካልሲም ቢሆን የጥጥ አይሁን። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ይቀዘቅዛል፣ ቆዳንም ይፍቃል፤ የበግ ሱፍ ግን እርጥብ ሆኖም ሙቀት ይይዛል።

የረጠበ ጫማ እሳት ዳር ማስቀመጥ ከኛ ዘንድ የተለመደ ጥፋት ነው። ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቆ ንፋስ ባለበት ጥላ ማሳደርና ወረቀቱን ሌሊት አንዴ መቀየር ይበቃል። ቅቤ ወይም ሞራ መቀባትም ለአባቶቻችን ጠፍር እንጂ ለዚህ ጫማ አይሆንም፤ ቆዳውን ከመጠን በላይ ያለሰልሰዋል፣ የላቡን መውጫም ይደፍናል።

ከሁሉ በላይ እንዲታወቅልኝ የምፈልገው የሶሉ ነገር ነው። ኮቪድ በ2012 ዓ.ም. ሲገባ እንግዳ ቀረ፤ ጦርነቱም ተከተለ። ብዙዎቻችን ጫማችንን ጠርገን፣ በካርቶን አድርገን አልጋ ሥር አስቀመጥን። ሥራ ሲመለስ አንድ ባልደረባዬ ያንን አዲስ የሚመስል ጫማውን አድርጎ ወጣ፤ ከሳንቃበር ብዙም ሳንርቅ የቀኝ ሶሉ ተላቅቆ መንገድ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብዬ አንሥቼ በጣቴ ስጫነው የሶሉ መካከለኛ ሽፋን እንደ ደረቀ አይብ ተፈረፈረ። በሲባጎ አስረንለት ወደ ካምፑ መለስነው። ያ ሽፋን ፖሊዩሬቴን ከሚባል ቁስ የተሠራ ነበር፤ ይህ ቁስ ከአየር የሚስበው እርጥበት በዓመታት ውስጥ ከውስጡ ያፈርሰዋል፣ ሳይለበስ የተቀመጠም ከዚህ አይድንም። ላዩ አዲስ ሆኖ ሥሩ ያለቀ ጫማ ማለት ነው። ከሰልባጅ ተራ የሚገዛ ሰው ስለዚህ በአውራ ጣቱ የሶሉን ጎን ጫን ይበል፤ ስንጥቅ ካሳየ ወይም ዱቄት ካራገፈ በነጻ ቢሰጠውም ቁልቁለት አይውረድበት።

በዚሁ አጋጣሚ ሁለት ጥያቄ ላቅርብ። ለጫማ ነጋዴዎች፦ ደንበኛው የራሱን ካልሲ አድርጎ ጫማውን እንዲሞክር፣ ከተቻለም የተዘነበለ ጣውላ ላይ እንዲቆም ፍቀዱ፤ አንድ ጣውላ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከእስራኤል እየመጡ ሲመለሱ ጫማቸውን ለአስጎብኚ፣ ለስካውት (ለፓርኩ ጠባቂ) እና ለበቅሎ ነጂ ለሚተዉ ወገኖቻችንና እንግዶች ደግሞ፦ ስጦታችሁ ብዙ ሰው በእግሩ አቁሟል፣ እናመሰግናለን። ስትሰጡ ግን ቁጥሩንና የተገዛበትን ዓመት በምላሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉልን፤ የተቀባዩን የእግር ቁጥርም አስቀድማችሁ ጠይቁ። 41 የሚያደርግ በቅሎ ነጂ 45 ጫማ ተሰጥቶት የጫማውን አፍንጫ በጨርቅ ሞልቶ ሲጓዝ አይቻለሁ፤ ከምስጋና ብዛት እንደማይሆነው ለሰጪው አልተናገረም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የተራራ አስጎብኚ
ከደባርቅ