ስድስት ቀን በስቶር መደርደሪያ ላይ፦ ለምርምር ምክትል ፕሬዚዳንታችን ግልጽ ደብዳቤ

ለዩኒቨርሲቲያችን የምርምርና ቴክኖሎጂ ሽግግር ምክትል ፕሬዚዳንት

ጉዳዩ፦ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ገብቶ ሐምሌ 3 ቀን ስለተከፈተው ካርቶን

ክቡር ምክትል ፕሬዚዳንት፣

በዚህ ጉዳይ ሦስት ደብዳቤ ጽፈናል፤ አንዱን ለንብረት አስተዳደር፣ አንዱን ለግዥ ዳይሬክቶሬት፣ የመጨረሻውን ለእርስዎ ጽሕፈት ቤት። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። የመጀመሪያው መልስ አላገኘም። ሁለተኛው «ግዥው በደንቡ መሠረት ተፈጽሟል» ተብሎ ተመለሰ። ለእርስዎ የጻፍነው ደግሞ «ለሚመለከተው፣ ለአፈጻጸም» ተብሎ ተመራና ዞሮ ንብረት አስተዳደር ገባ፤ መጀመሪያ አቤት ያልንበት ክፍል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምንሄድበት ቢሮ ስላጣን በአደባባይ ጽፈናል።

የሆነው ይህ ነው። ዓርብ ሰኔ 27 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አቅራቢው አንድ ካርቶን ዋናው ስቶር አደረሰ። በላዩ ላይ በትልቁ −20 ዲግሪ ተብሎ ተጽፎበታል። ውስጡ በደረቅ በረዶ (በጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) የታሸጉ ሦስት የአርቲ ፒሲአር ኪቶች፣ ማለትም የቫይረስን ዘረመል አባዝተው የሚለዩ የምርመራ ዕቃዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱ 100 ሪአክሽን (የአንድ ጉድጓድ ምርመራ) ይሠራል። ስቶሩ ለዓመታዊ ቆጠራ ተዘግቶ ነበር። ዕቃ ተረካቢው የማስረከቢያ ሰነዱን ፈርሞ ካርቶኑን በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አኖረው። ላቦራቶሪው ከስቶሩ በእግር የስድስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ፍሪዘሩም በዚያ ቀን ባዶ ቦታ ነበረው። የደወለልን ግን የለም። ካርቶኑ የተከፈተው ሐሙስ ሐምሌ 3፣ የጥራት አረጋጋጭ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ነው።

ደረቅ በረዶ −78.5 ዲግሪ ላይ በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ውኃ አይሆንም። በተለመደው የፎም ሣጥን ውስጥ እንደ ሣጥኑ ውፍረት በቀን ከ2.5 እስከ 5 ኪሎ ይተናል። ካርቶኑ ሲታሸግ የነበረው 5 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ቢበዛ እሑድ ማታ አልቋል። ውኃ ስለማይተው ደግሞ ሐሙስ ዕለት ካርቶኑ ደረቅ፣ ማሸጊያውም ያልተነካ ነበር። ኮሚቴው ይህን አይቶ ተቀበለው። በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኙ) ላይ የሰፈረውም «ኬሚካል፣ 1 ካርቶን፣ በመልካም ሁኔታ» የሚል ነው። የኪቱ ስም፣ የባች ቁጥሩ፣ ሲከፈት የነበረው ሙቀት አልተጻፈም።

«ኬሚካል» በምትለዋ ቃል ላይ ትንሽ መቆየት አለብን። ጨው ኬሚካል ነው፤ ኢታኖልም እንዲሁ። ሁለቱም መደርደሪያ ላይ ሳምንት ቢቆዩ ምንም አይሆኑም። የኪቱ ዋና ክፍል የሆነው ኢንዛይም ግን ፕሮቲን ነው፤ በሙቀት ቅርጹ ይፈርሳል፣ ከፈረሰ በኋላ ፍሪዘር ቢገባ ተመልሶ አይጠገንም። ከኢንዛይሞችም ሁሉም እኩል አይደሉም። ዲኤንኤን የሚያባዛው ታክ ፖሊመሬዝ ከፍልውኃ ባክቴሪያ የተገኘ በመሆኑ ጥቂት ቀን ሊታገሥ ይችላል። አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ግን ያን ያህል ጽናት የለውም፤ የአርኤንኤ ቫይረስ ምርመራ ደግሞ ያለ እርሱ አይጀመርም።

የገመትነውን በሙከራ አረጋግጠናል። ካለፈው ኪት በተረፈው ሪኤጀንት በ24ኛው የማባዛት ዙር ይታይ የነበረው ፖዘቲቭ ኮንትሮል (ቫይረሱ እንዳለበት አስቀድሞ የታወቀው ማነጻጸሪያ) በአዲሶቹ ሦስት ኪቶች ከ33ኛው ዙር በፊት አልታየም። የዲኤንኤው መጠን በየዙሩ እጥፍ ስለሚሆን የ9 ዙር መዘግየት 512 እጥፍ ያህል መዳከም ነው። እንዲህ ባለ ኪት የተመረመረ፣ ጥቂት ቫይረስ ብቻ ያለበት ናሙና «ነጻ ነው» የሚል ውጤት ይሰጣል። ኪቱን «ይሠራል» ብሎ መጠቀም የተሳሳተ መረጃ ማተም ነው፤ እኛ አናደርገውም።

አሁን ወደ ዋናው በደል እንምጣ። ኪቶቹ የተገዙት ለአንዲት የማስተርስ ተማሪ ጥናት ነው። 138 የከብት ናሙና ይዛለች፤ በአርኤንኤ ቫይረስ የሚመጣው የአፍተግር በሽታ ምልክት ካሳዩ ከብቶች ምላስና ሰኮና አካባቢ የተወሰደ ቁራጭ ቆዳ ነው። ናሙናው ከመስክ የመጣው እኩል ግሊሰሮልና ፎስፌት በፈር በተቀላቀለበት፣ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.6 ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ቫይረሱ አሲድ ስለማይችል ይህ ካልተጠበቀ መንገድ ላይ ይሞታል። ተማሪዋ ሁሉንም በደንቡ ሠርታለች። ሒሳቡንም በትክክል አስልታለች። በ96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ አራቱን ለኮንትሮል ትታ እያንዳንዱን ናሙና በሁለት ጉድጓድ ስትሠራ በአንድ ፕሌት 46 ናሙና ይያዛል፤ 138ቱ ሦስት ፕሌት፣ 288 ሪአክሽን ይፈልጋሉ። ከ300ው የሚተርፋት 12 ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ስድስት ኪት ነበር የታቀደው። ፕሮጀክቱ የጸደቀው በ2016፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ በብር የጸደቀው በጀት ግን ባለበት ቀረ። ስለዚህ ሦስት ብቻ ተገዛ፤ ለመጠባበቂያ የሚሆን የለም።

ካርቶኑ እንዲወጣላት ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ላይ መፈረም ነበረባት፤ ካልፈረመች ዕቃው አይሰጥም። ፈረመች። ምትክ ስትጠይቅ ያ ፊርማ መልሶ መጣባት፦ «ዕቃውን ሙሉ በሙሉ ተረክበሻል፣ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደነበርም ሞዴል 19 ይመሰክራል» ተባለች። ቀሪ በጀት እንዳይጠየቅ ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቷል። አሁን የቀረበላት ምርጫ ኪቱን በራሷ ገንዘብ መግዛት ወይም የጥናቱን ርዕስ መቀየር ነው። የላካት ዩኒቨርሲቲ የሰጣት የሁለት ዓመት ጊዜ እያለቀ ነው፤ የማራዘሚያ ምዝገባውንም እርሷ እንድትከፍል ተነግሯታል። ካርቶኑ መድረሱን ማንም ያልነገራት፣ ስቶር ለመግባት ሥልጣን የሌላት ተማሪ በስቶር ውስጥ ለተበላሸ ዕቃ ዕዳ ከፋይ ሆናለች። ክቡር ሆይ፣ ይህን በየትኛው አንቀጽ ትክክል ነው ይሉታል?

ይህ ድንገተኛ አደጋ እንዳልሆነ እርስዎም ያውቃሉ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የየክፍሉ የግዥ ፍላጎት ተጠቃሎ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ አሸናፊ ተለይቶ፣ የውጭ ምንዛሪ ተገኝቶ ዕቃው የሚደርሰው በሰኔ ነው። ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ስቶሩ ለቆጠራ ይዘጋል። ቅዝቃዜ የሚፈልገው ዕቃ በሙሉ በዓመቱ ውስጥ ስቶሩ ተዘግቶ በሚውልበት ሳምንት እንዲደርስ ያደረግነው በገዛ ራሳችን አሠራር ነው።

ከመጀመሪያው ደብዳቤያችን በኋላ አንድ እርምጃ ተወስዷል፤ ስቶሩ ውስጥ የቤት ፍሪጅ ገብቷል። በቅን ልቦና እንደተገዛ እናምናለን፣ ነገር ግን በረዶ የማይሠራው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ፍሪጅ በረዶ እንዳይዝ የፍሪዘር ክፍሉን በየጊዜው እየሞቀ ያራግፋል። ለሥጋ ይሆናል። ኢንዛይምን ግን በየዙሩ ስለሚያሞቀውና መልሶ ስለሚያቀዘቅዘው እያደር ያዳክመዋል። ለኢንዛይም የሚሆነው በእጅ የሚራገፍ፣ በጄኔሬተር መስመር ላይ የተሠካ −20 ፍሪዘር ነው፤ ይህም ላቦራቶሪው ውስጥ አለ።

ሞዴል 19 ይቅር አላልንም። የመንግሥት ንብረት መቆጠር አለበት። የምንለው ቆጠራው ዕቃው ወዳለበት ይምጣ ነው። ትልልቅ ማሽን ሲገዛ ኮሚቴው ማሽኑ ወደሚተከልበት ሕንፃ ሄዶ ያረጋግጥ የለም? ለቀዝቃዛ ዕቃም እንዲሁ ይደረግ፦ ካርቶኑ በቀጥታ ላቦራቶሪ ይግባ፣ የንብረት ክፍል ተወካይ ፍሪዘሩ ዘንድ ቆሞ የኪቱን ስም፣ የባች ቁጥሩንና የቀረውን ደረቅ በረዶ ይመዝግብ፣ ሞዴል 19 እና 22 በዚያው ቀን አብረው ይቆረጡ። ይህን የሚከለክል አንቀጽ ካለ አሳዩን ብለን በሁለተኛው ደብዳቤ ጠይቀናል፤ እስካሁን ያሳየን የለም። በግዥ ውሉ ላይ ደግሞ ቀዝቃዛ ዕቃ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ብቻ፣ ከሁለት ቀን በፊት ለላቦራቶሪው ተነግሮ፣ ከሰኔ 15 ሳያልፍ ይድረስ የሚል ሐረግ ይግባ። ወጪ የለውም።

ይህ ለወደፊቱ ነው። ለተማሪዋ ግን ዛሬ ሦስት ኪት ያስፈልጋታል፤ ለማራዘሚያዋም ክፍያ እንዳትጠየቅ፣ ለላካት ዩኒቨርሲቲም የዘገየችው በእኛ ጥፋት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ በእርስዎ ፊርማ ይጻፍላት። ናሙናዎቿ በ−80 ፍሪዘር ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ባለፈው ወር መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የፍሪዘሩ መቆጣጠሪያ −61 ሲያሳይ አይተናል።

ከሰላምታ ጋር
የሞለኪውላር ላቦራቶሪ መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች

ግልባጭ፦
ለንብረት አስተዳደር
ለግዥ ዳይሬክቶሬት
ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት