የአከራዮች መዝገብ ለተከራዩም ክፍት ይሁን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የግል መኖሪያ ቤት አከራዮች ይመዝገቡ የሚለው ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ወዲያው ወደ ግብር ያዘነብላል። የምዝገባው ትልቁ ፋይዳ ግን ቅድሚያ ክፍያ ይዞ በማያውቀው ሰው ፊት ለቆመው ተከራይ ነው ብዬ አምናለሁ። ተከራዩ ቁልፍ የያዘውን ሰው ከማመን በቀር ሌላ ማረጋገጫ የለውም፤ ቤቱን ያሳየው ባለቤቱ ይሁን፣ ወኪል ይሁን ወይም ራሱ ተከራይቶ ለሌላ የሚያከራይ መሆኑን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ፣ ጣሪያው ሲያፈስና የሚጠግንለት ሲያጣ ነው።

በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አከራዮች በየአካባቢው ምክር ቤት የሚመዘገቡ ሲሆን፣ ምዝገባው በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ምክር ቤቱም አመልካቹ ቤት ለማከራየት የሚገባው ሰው መሆኑን ይመረምራል። የምዝገባ ቁጥሩ በኪራይ ማስታወቂያው ላይ መስፈር ስላለበትና መዝገቡን ማንም ሰው በቤቱ አድራሻ መፈለግ ስለሚችል፣ ተከራዩ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ከማን ጋር እንደሚዋዋል ያውቃል። በዌልስ ደግሞ ቤቱን ራሱ የሚያስተዳድር አከራይ ከመመዝገብ አልፎ ሥልጠና ወስዶ ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው የአየርላንድ ሕግ ነው። በዚያ ውሉን ያላስመዘገበ አከራይ አቤቱታውን ለኪራይ ክርክር ሰሚው አካል ማቅረብ አይችልም፤ ተከራዩ ግን ይችላል። አለመመዝገብ የአከራዩ ጥፋት ሆኖ ሳለ ያልተመዘገበ ውል ዋጋ የለውም ተብሎ ቢደነገግ፣ ቅጣቱ የሚያርፈው ምንም ባላጠፋው፣ ነገ ዕቃውን ጭኖ ውጣ በሚባለው ቤተሰብ ላይ ነው።

የምዝገባው ወጪ ዞሮ ዞሮ በኪራዩ ላይ ይጨመራል የሚለው ስጋት ተገቢ ስለሆነ፣ ክፍያው አነስተኛ፣ ቅጹም አጭር ሊሆን ይገባል። የአከራዩ ገቢና የግል ሕይወት ለሕዝብ የሚገለጥበት ምክንያትም አይታየኝም፤ ስሙ፣ ማስጠንቀቂያና ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻ፣ እንዲሁም የተመዘገበው ቤት ቢታወቅ ለተከራዩ በቂ ነው።

ስለዚህ የምዝገባ ሕግ የሚያረቁ ሁሉ ሁለት ነገሮችን በግልጽ አንቀጽ እንዲያሰፍሩ እጠይቃለሁ፦ ተከራይ ከመክፈሉ በፊት መዝገቡን ያለ ክፍያ የማየት መብት እንዲኖረው፣ አከራዩ ባለመመዝገቡም ተከራዩ ከቤቱ እንዳይወጣና የመክሰስ መብቱን እንዳያጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣው አንባቢ