ያ ድንች አሁንም አለ

ሚጣዬ፣

የላክሽው ፎቶ ደርሶኛል። መጀመሪያ ስልኬ ላይ ስምሽን ሳይ ክው አልኩ። አራት ዓመት ዝም ያለ ሰው ድንገት ሲጽፍ ልብ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ክፉው ነው። ከፍቼ ባየው የመንገድ ታፔላ። «ኦሽን ሲቲ፣ ሜሪላንድ 3073» ይላል። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ፦ «ያ ድንች አሁንም አለ? ኦገስት ላይ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ።» እንዴት ነሽ የለ፣ ደህና ነሽ የለ። አልተለወጥሽም ማለት ነው። ሳቅኩ፣ ከዚያ ሥራ ቦታ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ፣ እሱን ተይው።

አለ፣ ያ ኦሽን ሲቲ የምንበላው ጥብስ ድንች አለ። ግን በአንድ መስመር የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው እንዲህ የማስረዝመው።

መጀመሪያ ስለ ታፔላው። በእኛ በኩል ያለውን ታስታውሻለሽ? ከባህር ዳሯ ከተማ ከኦሽን ሲቲ ድልድዩን ተሻግረን ስንወጣ «ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ 3073» የሚለውን። ሩት 50 የሚባለው አውራ ጎዳና ከዚያ ተነስቶ አገሩን ሰንጥቆ እናንተ ጋ ነው የሚያልቀው። ያውም ማይል ነው እንጂ ኪሎ ሜትር አይደለም። በሄድን ቁጥር «የትኛው እብድ ነው እስከዚያ የሚነዳው?» እያልን እንስቅ ነበር። ከዚያ እብዷ አንቺ ሆንሽ፣ ባልሽን ተከትለሽ ሄድሽ። ካንቺ በኋላ ሦስቴ ሄጃለሁ። ሦስቴም ስመለስ ታፔላዋ ጋ ስደርስ ሬዲዮ እነካካለሁ።

እሺ፣ ወደ ምግቡ።

ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜ ጠዋት እንዳትነሺ። የባህር ዳር ቤት የሚከራየው ሁሉ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሚከራይ፣ ቤይ ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ላይ ቆመሽ ትውያለሽ። በሥራ ቀን ነይ፣ ሦስት ሰዓት ቢፈጅብሽ ነው። ድልድዩ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውዳሴ ማርያም የምትደግሚበት፣ እኔ መሪውን ጨብጬ «ጮክ በይ፣ ለኔም ይድረሰኝ» የምልሽ። እሱን ካለፍሽ በኋላ መንገዱ ዳር የገበሬዎች ዳስ ይጀምራል። በቆሎ፣ ኮክ፣ ሐብሐብ፣ ቲማቲም። እዚያ ቁሚ። እዚህ የሚሸጠው በቆሎ እንደኛ እሸት አይደለም፣ ስኳር ነው፣ ግን በዚያ ወር ከማሳው በዚያው ቀን የተሰበረ ሲሆን ሌላ ነገር ነው። ልጆችሽ በጥሬው ይጨርሱታል።

በነገራችን ላይ ቀኑን ቆጠርኩት፣ የምትመጪበት ወር ፍልሰታ ያለበት ነው። አንቺ እንደማትፈቺ አውቃለሁ፣ እኔም ዘንድሮ ይዤዋለሁ። ጾመኛ ሆኖ ኦሽን ሲቲ የሚሄድ ሰው ሰርግ ቤት ሄዶ በር ላይ እንደሚቆም ነው፣ ሽታው ይበቃዋል። ድንቹ ግን ይጾማል! ድንች ቤቱ፣ ትራሸርስ፣ የሚጠብሱት በኦቾሎኒ ዘይት ነው። ከልጆቹ ኦቾሎኒ የማይስማማው ካለ ግን አደራ።

መኪናሽን የከተማው ጫፍ ላይ፣ ባህሩ ወደ ውስጥ የሚገባበት ኢንሌቱ ጋ፣ ካለው ሰፊ ማቆሚያ አቁሚና ክፈይ። ያኔ ሁለታችንም ፓርኪንግ እየሠራን፣ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ስናስከፍል ከርመን እኛ አንከፍልም ብለን፣ ኮሮላዋን የትና የት አቁመን ያንን ኩለር በፀሐይ እየጎተትን ስንሄድ ትዝ ይለኛል። በልጆች አይሆንም።

ከዚያ እንጨቱ ላይ፣ የባህር ዳሩ የእንጨት መሄጃ ላይ፣ ትወጫለሽ። (አሁንም «እንጨቱ» ነው የምለው፣ ቦርድዎክ ማለት አፌ ላይ አልመጣ አለኝ።) እስከ 27ኛ መንገድ ድረስ ይሄዳል፣ አንቺ ግን ሩቅ መሄድ የለብሽም። ባህሩ ላይ የተዘረጋው ፒየር ጋ ሰው ተሰልፎ ካየሽ እሱ ነው። ትራሸርስ ከ1929 ጀምሮ ድንች ብቻ ነው የሚሸጠው። በርገር የለ፣ ሳንድዊች የለ። ሰልፉ ያስፈራል እንጂ ቶሎ ይሄዳል። በወረቀት ባልዲ ሞልተው ይሰጡሻል፣ ጨው አለ፣ ኮምጣጤ አለ፣ ኬቻፕ የለም። ኬቻፕ የጠየቅሽ ቀን መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅ እንዴት እንዳየሽ! ክረምት ለመሥራት ከምሥራቅ አውሮፓ ከሚመጡት ተማሪዎች አንዱ ነበር መሰለኝ፣ አገሩ ከገባ ወር ያልሞላው፣ ግን ኬቻፕ ነውር መሆኑን ቀድሞ ተምሯል። አንቺ ምንም ሳትይ ከቦርሳሽ በፌስታል የተቋጠረች ሚጥሚጣ አወጣሽ።

እኔ ያንን ጣዕም ሌላ የትም አላገኘሁትም። ትኩስ ድንች፣ ልጣጩ አልፎ አልፎ የቀረበት፣ ከላይ ኮምጣጤው ገብቶበት ትንሽ ለስለስ ያለ፣ ጫፉ ግን አሁንም የሚንኮሻኮሽ፣ በላዩ ሚጥሚጣ። ኮምጣጤው ሚጥሚጣውን ያሯሩጠዋል፣ አፍንጫሽ ድረስ ይወጣል። እኔ ዓይኔን ስጠርግ ያ ነጭ ወፍ ከኋላዬ መጥቶ አንዱን ከጣቴ መካከል መንጭቆ ሄደ። አንቺ ደግሞ ለኔ ከማዘን «ውይ ወፉ! ይቃጠላል እኮ!» ብለሽ ለወፉ አዘንሽ። ስለዚህ አሁንም የምመክርሽ፦ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ፣ ባልዲውን በእጅ ሸፍኑ፣ ለሦስታችሁ አንድ ትልቅ ይበቃል፣ ሳይቀዘቅዝ ጨርሱት። ከቀዘቀዘ ተራ ድንች ነው።

ለልጆቹ አይስክሬም ደምሰርስ ውሰጂያቸው፣ ከ1939 ጀምሮ ያለ ነው። ግን መጀመሪያ ትሪምፐርስ መጫወቻ ቦታ ያለውን የሚዞረውን የእንጨት ፈረስ ይጋልቡ፣ የ1912 ሥራ ነው፣ ቀለሙ ብቻውን ያስደስታል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጪ። የእህቴን ልጅ አይስክሬም አብልቼ ያዞርኩ ቀን የሆነውን አልጽፍልሽም።

ዶልስ ያለው ያ የሚለጠጥ ከረሜላ ለኔ አይደለም፣ አሮጌ ቤት ነው፣ ከ1910 ጀምሮ፣ እና ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ እኔ ግን ጥርሴን እወዳለሁ። «የጨው ውሃ ከረሜላ» ቢሉትም የባህር ውሃ የለበትም፣ ልጆቹ ይጠይቁሻል ብዬ ነው።

ፊሸርስ ፖፕኮርን ግን ግዴታ ነው። ታልቦት መንገድ ጥግ ላይ፣ ከ1937 ጀምሮ። ሳትደርሺ ሽታው ይጠራሻል፣ የተቃጠለ ስኳር ሽታ፣ አንቺ «ሠርግ ዋዜማ የሚሸት» ያልሽው። ለፈጠራ ብሎ ኦልድ ቤይ የሚባለው የሸርጣን ቅመም የተነሰነሰበትም አለ፣ ጣፋጭና ጨው ባንድ ላይ፣ መጀመሪያ ይገርማል ከዚያ እጅ አያርፍም። በባልዲ ግዢ። ባልዲውን አትጣይ።

አሁን ሸርጣን። አትፍረጂብኝ፣ በልቻለሁ። ካንቺ ጋ እያለሁ «የባህር ሸረሪት» ትይው ስለነበር፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ብለሽ ኦሪትን ስለምትጠቅሽልኝ፣ ደፍሬ አላውቅም ነበር። በፊት አውራ ጎዳናው ላይ ያለ አንድ ቤት ገብተን የተዋረድነውን ታስታውሻለሽ አይደል፣ ስሙን አልጠራም፣ ውጭ «እስክትጠግቡ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ የሰቀለው። ውጭ የተጻፈው ዋጋ ሌላ፣ ውስጥ የመጣው ሌላ። ያንን ሁሉ ከፍለን የበላነው ሁለት ሁለት የተቀቀለ በቆሎ ነው! አስተናጋጇ ሦስቴ መጥታ «ሸርጣን አላመጣም?» አለች። አንቺ «ጾም ላይ ነን» ስትያት በዚያ ሙቀት ምን ዓይነት ጾም እንደሆነ ሊገባት አልቻለም። ስለዚህ ትልቅ ጽሑፍ የሰቀለ ቤት አትግቢ፣ ይኸው ነው ሕጉ።

ከሥራ ባልደረቦቼ ጋ ነው የበላሁት፣ ጠረጴዛው ላይ ቡናማ ወረቀት አንጥፈው፣ በእንፋሎት የበሰለውን ክምር ገልብጠውበት፣ ለያንዳንዱ ሰው የእንጨት መዶሻ ሰጥተው። መዶሻ! አንድ ሰዓት ሙሉ ስቀጠቅጥ የወጣልኝ ሥጋ አንድ ጉርሻ አይሞላም። እንደ ምግብ ከቆጠርሽው ኪሳራ ነው። ግን ቅመሙ... ከላይ እስከ ታች ኦልድ ቤይ ነው፣ ቀይ፣ ጣት ላይ የሚቀር፣ ከንፈር የሚያነድ። ልሼ የበላሁት ሥጋውን ሳይሆን ጣቴን ነው። በኋላ ሳነብ ቅመሙን የፈጠረው ጉስታቭ ብሩን የሚባል ጀርመናዊ አይሁዳዊ ነው፣ ከናዚዎች አምልጦ 1939 ላይ ባልቲሞር የጀመረው። ሲሰደድ ይዟቸው ከመጣቸው ጥቂት ዕቃዎች አንዱ የቅመም መፍጫ ነበር አሉ። ሰውየው የኛ ሰው ነው ብዬ ነው የሳቅኩት። ሌላው ወርቁን ሲደብቅ እሱ መፍጫ ይሸከማል።

ከዚያ ሳቄ ቆመ፣ ምክንያቱም እማማሽ ትዝ አሉኝ።

የፊሸርሱ ባልዲ አሁንም አለኝ ሚጣዬ። ስትሄጂ እማማ ከጎንደር በሰው የላኩትን በርበሬ ለሁለት ከፍለሽ ግማሹን የሰጠሽኝ በዚያ ባልዲ ነበር። ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ «እንዳትሰርቂኝ» ብለሽ ጽፈሽበታል፣ ግማሹ ተፍቋል። ፍሪዘር ውስጥ ነው የማስቀምጠው፣ ለዓመት በዓል ብቻ ነበር የማወጣው። እማማ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ስልኩን አንስቼ ቁጥርሽን ነካሁና ዘጋሁት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ አርባ አለፈ፣ ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልደውል? ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ፊቱን ምን ያደርገዋል? ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልል ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። ድምፅሽን ሲያለቅስ መስማት ፈርቼ። እሳቸው እኔንም «ልጄ» እያሉ በስልክ ይመርቁኝ የነበሩ ሴት። ነፍሳቸውን ይማር። ዘግይቶም ቢሆን እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ ባልዲው ውስጥ ማንኪያ አላስገባሁም። ከሥሩ ጣት የምታህል ቀርታለች።

ይቅርታሽን በስልክ አልጠይቅም፣ ስትመጪ በዓይንሽ ታዪኛለሽ።

አንድ ቀን አሳቲግ እንሂድ። እንጨቱ ላይ ሳትወርጂ ከኢንሌቱ ማዶ የምታይው ደሴት ነው፣ ድሮ ከከተማው ጋ አንድ መሬት ነበር፣ የ1933ቱ ማዕበል ነው የለያቸው። አሁን በመኪና ዞረን ነው የምንገባው። የዱር ፈረሶች አሉ፣ ልጆቹ ያብዳሉ፣ ግን ኩለር ከፍቶ መብላት የለመዱ ሌቦች ናቸው፣ እኛ ዞር ስንል እንጀራውን እንዳይጨርሱት መኪና ውስጥ እንቆልፋለን። ዝንቡና ትንኙ ደግሞ በዚያ ወር አያስቀምጥም፣ ለልጆቹ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ያዢ።

ምግቡን እኔ አመጣለሁ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ አዚፋ። አዚፋዋን አንቺ በምትወጂው በሰናፍጭ አደርጋታለሁ። ቡናውን ቤት ቆልተን ፈጭተን እንሂድ፣ ሆቴል ውስጥ ለመቁላት እንዳታስቢ፣ ያ የጭስ ደወል የጮኸ ሌሊት ይበቃናል። ሽሮዋን በባልዲው በርበሬ ነው የምሠራት። ለብቻዬ ልጨርሳት አልቻልኩም።

የምታርፊበትን ቀንና አውሮፕላን ማረፊያውን ጻፊልኝ፣ ባልቲሞር ከሆነ እኔ ነኝ የምቀበልሽ። የልጆቹንም የጫማ ቁጥር ላኪ፣ አሸዋው በቀን ያቃጥላል። ሚጥሚጣ ግን አንቺ ያዢ፣ የኔ አልቋል።

እኅትሽ