የቅርሱን መግለጫ ባለቤቱ ይጻፈው

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሙዚየሞቻችን የሚገኙ ቅርሶችን በዲጂታል መንገድ መዝግቦ በበይነመረብ ለማቅረብ የሚደረገውን ጥረት ከልብ እደግፋለሁ፤ ይሁን እንጂ ከፎቶግራፉ ሥር የሚሰፍረውን መግለጫ ማን እንደሚጽፈው ሳይወሰን ሥራው እንዳይጀመር በአክብሮት አሳስባለሁ።

ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆነኝ እዚህ ጅማ በማስተምርበት ክፍል ያጋጠመኝ ነገር ነው። ተማሪዎቼ ከአካባቢያችን የተወሰዱ ዕቃዎችን በአንድ የውጭ አገር ሙዚየም ድረ ገጽ ላይ እንዲፈልጉ አዝዤ ነበር። አንዲት የየም ተወላጅ ተማሪ የሕዝቧን ስም ጽፋ ብትፈልግ ምንም አላገኘችም። ዕቃዎቹ ግን እዚያው ነበሩ፤ የተመዘገቡት የየም ሕዝብ እንደ ስድብ በሚቆጥረው፣ እኔም እዚህ መድገም በማልፈልገው በቀድሞው መጠሪያ ነበር። የኦሮሞ ዕቃዎችም በተመሳሳይ የንቀት ስም ተመዝግበዋል። ልጅቷ ያን ቃል ስታነብ ፊቷ ላይ ያየሁትን ሐዘን እስካሁን አልረሳሁትም።

ስሞቹ በጊዜው በምሁራን ዘንድ የተለመዱ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ለንደን ውስጥ ስለ አካባቢያችን የታተመ አንድ የታወቀ የጥናት መጽሐፍ ሁለቱንም በርዕሱ ይዟል። የድሮው የመዝገብ ካርድ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ቃሉም ሳይመረመር አብሮ ስለሚገለበጥ፣ በመሳቢያ ተዘግቶ የኖረው ስድብ ዛሬ በማንኛውም ልጅ ስልክ ላይ ይከፈታል።

እኛም ከተመሳሳይ ጥፋት ነፃ እንሆናለን ብዬ አላምንም። የጅማን በርጩማ «ባለ ሦስት እግር የእንጨት መቀመጫ» ብሎ መመዝገብ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን መቀመጫውና እግሮቹ ያለ ምስማርና ያለ ማጣበቂያ ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው እንደሚወጡ፣ ጠራቢው እንጨቱን እንዴት እንደሚመርጥና እንዳይሰነጠቅ ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም። ይህን የሚያውቁት ጠራቢዎቹ ናቸው፤ ማብራሪያቸው በአፋን ኦሮሞ ተቀድቶ፣ በአማርኛም ተተርጉሞ ከሥዕሉ ጋር ቢቀመጥ ከማንኛውም የባለሙያ አንቀጽ ይበልጣል። በጅማ ሙዚየም ለሚገኙት የዳግማዊ አባ ጅፋር መገልገያዎችም እንዲሁ ቢደረግ መልካም ነው።

ሁሉም ነገር ለዓለም መታየት እንደሌለበትም መታወቅ አለበት። የየም ሕዝብ በየዓመቱ በጥቅምት ወር ወጥቶ የባህል መድኃኒት ይለቅማል፤ ሥርዓቱን ቀርጾ ማሳየት ደግ ነው፤ የእያንዳንዱን ዕፅ ስም፣ መገኛና አቀማመም ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ማሰራጨት ግን ዕውቀታቸውን ለነጣቂ አሳልፎ መስጠት ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት ከመወሰዱ በፊት የማኅበረሰቡ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዛል። በአውስትራሊያ የዋሩሙንጉ ሕዝብ ከተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ሙኩርቱ የተባለ ዲጂታል መዝገብ ያሠራው በዚህ ምክንያት ነበር፤ የትኛውን ሥዕል ማን ማየት እንደሚችል የሚወስነው ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ነው። ስሙም የከበሩ ዕቃዎች ከሚጠበቁበት ከረጢት የተወሰደ ነው።

ስለዚህ የሙዚየሙና የዩኒቨርሲቲው ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ከማንሳታቸው በፊት ከጠራቢዎች፣ ከኦሮሞና ከየም ሽማግሌዎችና እናቶች ጋር እንዲቀመጡ እጠይቃለሁ። የሚመለከተው የባህል መሥሪያ ቤትም ለውጭ ሙዚየሞች የስም ማስተካከያ ጥያቄ በጽሑፍ ይላክ፤ ተማሪዎቼ ያገኟቸውን መዝገቦች ዝርዝር በማንኛውም ጊዜ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህር፣ ከጅማ